የነጩ ሸሚዝ አደራረቅ

ያን ቀን መርሳ ከተማ፣ ግቢያችን ውስጥ አራት ነበርን፦ አከራያችን ሐጂ፣ ታላቅ እህቴ፣ ከጎናችን የተከራየው የባጃጅ ሾፌርና እኔ።

ሾፌሩ ሽማግሌ የላከባት ልጅ የምትኖረው ከመርሳ ቅርብ ባለችው በግራና ነው። አባቷ «ልጁን ራሱን ልየው» ብለው ለስምንት ሰዓት ቀጥረዋል። ያለው ደህና ሸሚዝ አንድ ነጭ ብቻ ነው፤ ጠዋት ጭቃ ነክቶት እህቴ ገና አጥባ ማውጣቷ ነው። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል። መብራት ስለጠፋ ካውያ አይታሰብም።

«ግድግዳው ላይ አስጡት፤ ፀሐይ ብቅ ጥልቅ ማለቷ አይቀርም» አሉ ሐጂ።

እኔ ልለካ አልኩ። ካረጀ ነጠላ ሦስት እኩል ቁራጭ ቀድጄ እያንዳንዱን በአንድ ስኒ ውሃ አራስኩ። አንዱን አጣጥፌ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ አንዱን ግድግዳው ላይ ዘረጋሁ፤ ሦስተኛውን ንፋስ በሚያልፍበት በር አጠገብ ገመድ ላይ ሰቀልኩ። በየአምስት ደቂቃው እየሄድኩ ዳሰስኳቸው።

«እኔ ሚስት ላጣ ነው፣ አንተ ጨርቅ ትዳብሳለህ!» አለ ሾፌሩ፣ እርጥቡን ሸሚዝ ይዞ እንደቆመ።

«ተወው፣ የሱ ሚስት ጨርቁ ነው» አለች እህቴ።

የበሩ ቁራጭ በሃያ አምስት ደቂቃ ደረቀ። የግድግዳው ገና ይቀዘቅዝ ነበር፤ የታጠፈው ጭራሽ ንክች አላለም። ሸሚዙን ወዲያው በሩ አጠገብ ሰቀልነው። ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ጀርባውንና እጅጌውን ዳስሼ «ደርቋል» አልኩ። ለበሰውና ሐጂንና እኔን በባጃጁ ይዞን ሄደ።

ግራና ገብተን እንደተቀመጥን ስህተቴ ታየኝ። የለካሁት ስስ ጨርቅ ነው፤ የሸሚዝ ኮሌታ ግን ድርብ ነው፣ እሱንም አልዳሰስኩትም። እርጥበቱ ከኮሌታው ወደ ትከሻው ወርዶ በግልጽ ይታያል።

አባትየው ትኩር ብለው አዩት።

«አላበህ?» አሉት።

ሐጂን ሳል ያዛቸው። እኔ «አይ፣ እሱ እንኳ...» ብዬ ላስረዳ ስል እግሬን ረገጡኝ።

«አብሽር ልጄ» አሉ አባትየው እየሳቁ። «እኔም እናቷን ልጠይቅ የሄድኩ ቀን እንዲሁ አልቦኝ ነበር። የሚያፍር ልጅ ደግ ነው። ሰጥቻችኋለሁ።»

ኮሌታው ስንት ሰዓት ላይ እንደደረቀ ግን አላውቅም፤ ምግብ ሲቀርብ መከታተሌን ተውኩ። እዚያ ቤት የነበራችሁ፣ በተለይ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሆና ስታየው የነበረችው፣ የምታስታውሱትን ጨምሩልኝ።