በረኛ ይለቀቃል እንዴ?

ከከተማችን ከመሐል ሜዳ በወጣሁበት ቀን ዋዜማ ምሽት ሰው የሚያወራው ስለ እኔ መሄድ ሳይሆን ስለ በረኛ መሄድ ነበር። ልብ በሉ፣ ደቡብ አፍሪካ ልሄድ ነው፤ መንገዱ ስንቱን እንዳስቀረ ሁሉም ያውቃል፤ ጠላው ለእኔ ስንብት ነው የተጠመቀው፤ እንግዶቹ ግን ደምሴ፣ ደምሴ ይላሉ። ደምሴ የመሐል ሜዳ ቡድን በረኛ ነበር። ኮሚቴው «ደክሟል» ብሎ ሲለቀው የጎረቤት ከተማ ተቀናቃኞቻችን ዘመሮዎች ሳይውል ሳያድር ወሰዱት። በእሱ ቦታ ከደብረ ብርሃን አንድ ጎረምሳ መጣ።

ይህን ያስወሰኑት ደግሞ ሌላ ሰው አይደሉም፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ በዛብህ ናቸው። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ እየሸመኑ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እኛ አገር ሰው ከተሰበሰበ ማኅበር ሳይጠጣ አይቀርም፤ ደጋፊውም የተደራጀው በጽዋ ማኅበር ወግ ነው። ሰብሳቢው እንደ ማኅበሩ «ሙሴ» ይባላል፤ ሙሴውም ጋሼ ነበሩ። ሕጉ ቀላል ነው። የቡድኑን ጉድ ማኅበሩ ውስጥ እንደልብህ ተናገር፤ የውጭ ሰው ፊት ግን አፍህን ያዝ። ያወጣ ሰው ዳቦና ጧፍ ይዞ ሙሴው ፊት ይቆማል፣ ይመከራል፣ ከዚያ ዳቦው ተቆርሶ ይታረቃል።

እኔ ያን ምሽት ጠላው ሞቅ ሲያደርገኝ፣ ከዘመሮ ሊሰናበቱኝ የመጡ ዘመዶቻችን ፊት ብድግ አልኩ።

«በረኛ ይለቀቃል እንዴ? ይህን ያደረገ ሰው ቡድኑን አይወድም!»

ዘመሮዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም።

«የሚወድ ሰው ቡድኑን እንግዳ ፊት አያዋርድም» አሉኝ።

«ስለምወደው እኮ ነው የምናገረው፣ ጋሼ! የማይወደውማ ምን ቸገረው?»

«ማኅበሩ ይቀጣሃል» አሉና ባናቸውን ተከናንበው ወጡ። ጠዋት አውቶቡሱ ሲነሳ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ብመለከት ብመለከት፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አለ፣ እሳቸው የሉም። እስከ ደብረ ብርሃን አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አገሬን ትቼ ስለሄድኩ መስሏት ስታጽናናኝ ዋለች።

ከሞያሌ ወዲያ ያለውን መንገድ ለአገር ቤቶቹ ባልተርክላችሁ ይሻላል፤ አብረውኝ የመጡት ደግሞ ያውቁታል። ይህን ብቻ ልበል። በሽንኩርት መኪና ውስጥ ተሸፍነን ስንጓዝ ማርቆስ የሚባል የሆሳዕና ልጅ የቀረችውን ውኃ ከአፉ ነጥሎ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ገብቼ የመኖሪያ ወረቀት የሚሰጡበት ቢሮ ስደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ። ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፌ ጭንቅላቴ ዞሯል። ሴትዮዋ በአስተርጓሚ «ምን ገጥሞህ መጣህ?» ስትለኝ ሆዴ ውስጥ የሚብሰለሰለው አመለጠኝ።

«ከወንድሜ ጋር ተጣልቼ።»

«በፖለቲካ?»

«በኳስ።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «በኳስማ ቢሆን እኔም ከዚህ አገር እሰደድ ነበር። ነገ ና።» ነገ ና ማለት ለካ በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው!

ለእኔና ለማርቆስ ቤት ያከራየችን የአገሩ ሴት ማማ ታንዲ ናት፤ ቤት ይባል እንጂ ጋራዥ ነው፤ ግን ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት መረመረችኝ።

«የማን ደጋፊ ነህ?»

«የመሐል ሜዳ።»

«የትኛው ሊግ ነው?»

«ሊግ የለውም። ሜዳውም አብዛኛውን ጊዜ የበጎች ነው።»

«ዋንጫ በልቶ ያውቃል?»

«ኧረ በፍጹም!»

«እንግዲያው ታማኝ ሰው ነህ፣ ግባ» አለችኝ።

እንዲህ ሆነና ኑሮ ተጀመረ። ምግባቸው ፓፕ ይባላል፤ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የተረሳበት ገንፎ ማለት ነው። ክረምታቸው ሰኔ ላይ ይገባና ሰው ሁሉ ብርድ ገደለን ይላል፤ የአገሬን ደጋ የጓሳን ነፋስ የጠገብኩት እኔ በሸሚዝ እዞራለሁ። የምሸጠውም ሌላ ነገር አይደለም፣ ብርድ ልብስ ነው። ጋሼ እዚያ በሱፍ ይሸምናሉ፣ እኔ እዚህ የቻይናውን ተሸክሜ በየበሩ አንኳኳለሁ።

እሑድ እሑድ በካርድ እደውላለሁ። የጋሼ ባለቤት እትዬ አስካለ ታነሳለች። «ጋሼህ በጎቹን ሊያስገቡ ወጥተዋል» ትለኛለች፤ የጋሼ ሳል ግን ከኋላዋ ይሰማኛል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ከማኅበሩም ከልባቸውም ሰርዘውኛል አልኩ። የተሰረዘ ሰው ደግሞ ቅጣት እንኳ የለውም፤ ዕርቅም የለውም። እንደሱ የከበደኝ ነገር የለም።

የከተማው ሐበሾች ቡድን ስናቋቁም የማኅበሩን ወግ ነገርኳቸው። የሆሳዕና ልጆች ጴንጤዎች ናቸውና «ሙሴ የሚመጣልን ከተሻገርን በኋላ ነው?» ብለው ሳቁብኝ፤ ቢሆንም እኔኑ ሙሴ አደረጉኝ። በረኛችን ማርቆስ ነበር። እየቆየ ግን ጉልበቱን አመመው፤ መውደቁን ይወድቃል፣ ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው እንጂ። ጨንቆኝ ጨንቆኝ በመጨረሻ ፓትሪክ የሚባል ማላዊ አስገባሁ። ከዚያ ምን ሆነ በሉ! ተጋጣሚዎቻችን ሶማሌዎች ቆመው እያዩ የራሴ ሰዎች ጮሁብኝ።

«ውኃ ያጠጣህን ሰው? በሐበሻ ቡድን ማላዊ? ከሃዲ!»

ማርቆስ ራሱ ግን ጓንቱን አውልቆ ለፓትሪክ ሰጠው።

በሳምንቱ ይህንኑ ለእትዬ አስካለ እያጫወትኳት ሳለ ስልኩ ተንኮሻኮሸ። አንድ ሰው ከእጇ ነጠቃት።

«በረኛ ይለቀቃል እንዴ?»

ጋሼ ናቸው! የምሸጠው ብርድ ልብስ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህናነቱ ይቆየን። ጉልበቱ ነው ያልከው?»

«ጉልበቱ ነው።»

«የደምሴም ጉልበቱ ነበር። ለሰው አታውሩብኝ ብሎ ስለለመነን ነው ዝም ያልነው። ዘመሮዎችም ሲያውቁ መለሱት። አሁን ታዳጊዎቹን እሱ ነው የሚያሠለጥናቸው። አንተም ያንን ልጅ ከሜዳው እንዳታርቀው፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ። ግን ጋሼ፣ ለእኛ ለደጋፊዎቹ ሊነገረን ይገባ ነበር። አሁንም እላለሁ።»

«በለው! ማኅበሩ ፊት መጥተህ በለው!»

«ከማኅበሩ ተሰርዤ የለም እንዴ?»

«ማን ሰረዘህ? ቅጣትህ እኮ አልተነሳም።»

«እንግዲያውስ እትዬ አስካለ ዳቦና ጧፉን ታቅርብልኝ፣ እኔ ከዚህ...»

«በሰው አይሆንም» አሉ ጋሼ። ድምጻቸው ትንሽ ተሰበረ። «በአካል ነው የሚቀርበው። እስክትመጣ ቦታህ ላይ ሰው አናስቀም...»

ካርዱ አለቀ።

ወጣሁ። ማርቆስ ግቢው ውስጥ ለፓትሪክ ኳስ እየወረወረለት ነበር፤ አጨዋወቱን እየነቀፈ፣ እየሳቀ። ወረቀቴ አሁንም ነገ ና እንደተባለ ነው፤ መቼ እንደምገባ አላውቅም። ግን ሰው ቢጠይቀኝ መልስ አለኝ። አገሬ ልገባ ነው፤ ቅጣት አለብኝ።