መርዶ ይዤ ማላጋ

በሃምሳ አራት ዓመቴ ደብተርና እርሳስ ገዝቼ ተማሪ ሆኜ ነበር። ስፓኒሽ ለእኔ ምንም አይሠራልኝም፤ ጄኔቭ ውስጥ ፈረንሳይኛውን እንኳ እያነከስኩ ነው የምናገረው። የሄድኩት ለጓደኛዬ ብዬ ነው። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ግን ለእሷ ብዬ ካደረግሁት ነገር ምን ያህሉ በእርግጥ ለእሷ እንደነበር መለየት አቅቶኛል።

ጄኔቭ የመጣነው በአንድ ዓመት ነው፤ ሁለታችንም ዲፕሎማት ቤት ልንሠራ። እኔ ቶሎ ወጥቼ አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገባሁ። እሷ ልጅ ስታሳድግ፣ ሸሚዝ ስትተኩስ፣ ሦስት ቤተሰብ ቀያይራ እዚያው ሥራ ላይ ቀረች። የዚህ ሥራ ክፋቱ የመኖሪያ ፈቃዱ ነው። «ካርት» እንለዋለን። ካርቱ የሚሠራው አሠሪው እስካለ ድረስ ነው፤ አሠሪው ወደ አገሩ ሲመለስ ወይ ሌላ ዲፕሎማት ታገኛለሽ፣ ወይ ሻንጣሽን ታዘጋጃለሽ።

አሠሪዎቿ ሊሄዱ ሲሉ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አንድ ቤተሰብ ወደዳት። ችግሩ፣ አብረዋቸው የሚኖሩት አሮጊት እናት ከስፓኒሽ በቀር አያውቁም። «ትንሽ ተምረሽ ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ፣ በወሩ መጀመሪያ ትገቢያለሽ» አሏት። የምትሄደው እመቤት ደግሞ ለስንብት ብላ ማላጋ በምትባል የስፔን የባሕር ከተማ የሁለት ሳምንት ኮርስ ከፈለችላት። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ባሕር።

«ብቻዬን አልሄድም» አለችኝ ጄኔቭ ዳር ኦኔ የሚባል ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጥታ። «ባሕር ውስጥ ብሰጥም በአማርኛ ማን ይጮህልኛል?»

እኔም ዕረፍት ወስጄ የማውቀው አዲስ አበባ ለመሄድ ብቻ ነው። ሄጄ ደግሞ የማርፈው መቼ ነው? ስለዚህ እሺ አልኳት።

ርካሹ አውሮፕላን የሚነሣው ከዙሪክ ስለነበር ዙሪክ አጠገብ ሽሊረን የምትባል ከተማ፣ ታናሽ ወንድሟ ቤት አደርን። ወንድሟ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ዝምተኛ፣ ደግ ሰው ነው። እኔን እትዬ ይለኛል። ጠዋት ሁለቱንም ሻንጣ እሱ ተሸክሞ ኤስ-ባን በሚሉት የከተማ ባቡር አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘን። ስንለያይ ለእህቱ «ባሕሩን ለእማዬ አሳዪያት» አላት።

እናታቸው አዲስ አበባ ናቸው፤ ሰማንያን ያለፉ፣ ባሕር በዓይናቸው ያላዩ ሴት። ልጃቸው ወደ ባሕር ልትሄድ ነው ሲባሉ «እውነት ጫፉ አይታይም?» ብለው ጠይቀዋታል። እሷም በስልክ አሳይሻለሁ ብላ ቃል ገባች። በመጀመሪያው እሑድ ሞከረች፤ ድምፁ ገባ፣ ምስሉ እንቢ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት እንሞክራለን ተባባሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ የሚል ነበር፤ ይህን አልክድም። አስተማሪያችን ልጃችን የምትሆን ወጣት ናት። ጓደኛዬ ቃሉን ሁሉ በፊደላችን እየጻፈች ማታ ማታ ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ እኔ ስሳሳት ፊደል ቆጥሮ እንደማያውቅ ሰው ታየኛለች። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር እንቀመጣለን። እዚያ አሮጌ ጀልባ አሸዋ ሞልተው፣ ፍም አንድደው፣ ሰርዲን በእንጨት እየሰኩ ይጠብሳሉ። በእጃችን እየበላን፣ ሁለት ሴቶች፣ የማንንም ሳህን ሳናነሣ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ቆማ ሳለ ስልኬ ጠራ። ወንድሟ ነው።

«እትዬ፣ አጠገብሽ ናት?»

«ውሃ ውስጥ ናት። ምነው?»

«እማዬ ወድቃለች። ስትሮክ ነው አሉ። ሆስፒታል ተኝታለች፤ እኔ ዛሬ ማታ እበራለሁ።»

«በስመ አብ! ልንገራት?»

«እንዳትነግሪያት! ዓርብ ፈተና አላት፣ ያን ወረቀት ካልያዘች ሥራውም ካርቱም ይሄዳል። ደግሞ ትድን ይሆናል። ደርሼ አይቼ እደውልልሻለሁ።»

ጓደኛዬ ከውሃው ውስጥ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት።

ለምን ዝም እንዳልኩ መናገር አለብኝ፤ ሰበብ ከሆነም ይሁን። እኔ የአባቴን ሞት የሰማሁት የአሠሪዬ ቤት ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። አንዲት የማውቃት ሴት የሰማሁ መስሏት «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብላ ጻፈችልኝ። በቃ። የጋለ ካውያ በእጄ፣ የሰው ሸሚዝ ከፊቴ፣ አንድ ሰው አጠገቤ የለም። ያን ምሽት ለስምንት እንግዶች እራት አቅርቤያለሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ያለቀስኩት ከአራት ቀን በኋላ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚደግፍ እጅ ባለበት የሚነገረው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በእኔ የደረሰ በሌላ ሰው እንዳይደርስ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ቃሌንም ጠበቅሁ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ለሻይ ዕረፍት ስንወጣ፣ ወንድሟ ከአዲስ አበባ ደወለ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አነሣሁት።

«ሐኪሙ ተስፋ አልሰጠም» አለኝ። «ግን ታውቀኛለች። በአንድ ወገን አፏ ትናገራለች።»

«እንግዲያው ልንገራት!»

«በሰው አገር፣ ባሕር ዳር፣ ዘመድ በሌለበት? ብትወድቅብሽስ ምን ታደርጊያለሽ? አውሮፕላን ቀይራ ብትነሣም አትደርስም ብለውኛል። ቅዳሜ ትመጣላችሁ፣ እኛም እንደ ወጉ እናደርጋለን።»

እንደ ወጉ ሲል አሰብኩ። እናቲቱ ገና በሕይወት ናቸው፤ እሱ ግን ስለ መርዶ ነበር የሚያወራው። እኔም ይህን ሰምቼ ተስማማሁ። ማንም አላስገደደኝም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠርቶ፣ ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር ይታይ ነበር። ጓደኛዬ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ጫፍ ሄደች፤ ስልኳን አወጣች። ስልኩን ወደ ራሷ አላዞረችውም፤ እናቷ ሲያነሡት መጀመሪያ ባሕሩን እንዲያዩ ብላ ወደ ውሃው አዙራ፣ ክንዷን ዘርግታ ቆመች። ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። ደገመችው። ትንሽ ቆይታ ሦስተኛ ደወለች።

«መብራት ጠፍቶ ይሆናል» አልኳት።

«ይሄ መብራት ኃይል ጠላቴ ነው!» አለችና ስቃ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወዲያው ከወንድሟ መልእክት ገባላት፤ «ሰርዲን ብቻችሁን አትጨርሱት» ይላል። ሽሊረን ያለ መስሏት ነው የሳቀችው። እኔ የት ሆኖ እንደጻፈው አውቄያለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጭኔ ላይ ተንቀጠቀጠ። አንድ ቃል ነው፤ «አረፈች።» አስተማሪዋ ትናንት ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ፤ መለስኩላት፤ ጎበዝ አለችኝ። ማሽላ እያረረ ይስቃል የሚሉት እኔን ነበር። ከትምህርት በኋላ ጓደኛዬ እንደገና ለእናቷ ደወለች፤ አሁንም የሚያነሣ የለም። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶች አንዳች ነገር እንዳይለጥፉ፣ እንዳይጽፉ ተነግሯቸዋል። ሁሉም ቃሉን ጠብቋል፤ በዚህ ነገር ጎበዞች ነን።

ዓርብ ፈተናውን አለፈች። ወረቀቱን ይዛ እንደ ልጅ ዘለለች፣ አቀፈችኝ፣ የክፍሉ ተማሪዎች ወይን ጠጅ አመጡ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ብዬ እኔ አንድ ጠብታ አልቀመስኩም። «ምነው ዛሬ መነኮስሽ?» እያለች አሾፈችብኝ። እግሬን አሞኛል አልኳት። እሷ ግን ከአንድ ሽማግሌ ጀርመናዊ ተማሪ ጋር ጨፈረች። እናቷ የዚያን ዕለት ነው የተቀበሩት። ተቀምጬ አየኋት፤ ራሴን ጠላሁት።

ቅዳሜ ዙሪክ ገባን። ሽሊረን የወንድሟ ሕንፃ በር ላይ በጀርመንኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። እዚያ አገር ድግስ ያለው ሰው ጎረቤት እንዳይቆጣ አስቀድሞ እንዲህ ያስታውቃል። ጓደኛዬ ጀርመንኛ አታነብም፤ የወንድሟን ስምና እሑድ የሚለውን ግን ለየች።

«ድግስ አለው እንዴ? ሳይነግረኝ!» አለችና በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «ለእኔ ይሆን እንዴ? ፈተና አለፈች ብሎ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩና ሻንጣዬን አነሣሁ።

የወንድሟ ሚስት፣ እሱ የማታ ተራ ገብቷል ብላ ተቀበለችን። ዓይኗ አብጧል፤ ጉንፋን ነው አለች። እሑድ ማለዳ፣ ቁርስ ሳይቀርብ፣ ደወል ጠራ። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ገቡ፤ ከአልትሽቴተን ሰፈር፣ ከዙሪክ መሀል ከተማ፣ በመጀመሪያው ባቡር ከጄኔቭ የመጡም አሉ። ወንድሟ ከአየር ማረፊያ በቀጥታ ሻንጣውን ይዞ፣ በመጨረሻ ገባ። ከዘውዱ ጊዜ ጀምሮ እዚያ የኖሩ አንድ ጡረተኛ አዛውንት አሉ፤ መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ጓደኛዬ ፒጃማዋን እንደለበሰች ሰዉን አንድ በአንድ አየች። አዛውንቱ «ልጄ» ከማለታቸው «እማዬን!» ብላ ወደቀች። ስድስት እጅ ያዛት። አንዱ የእኔ ነው።

ጩኸቷ ሕንፃውን ሞላው፤ ያ ወረቀት ተለጥፎ ነበርና ማንም አላንኳኳም። የማላምንበትን መናገር አልወድም፤ ያን ጠዋት ኮርቼ ነበር። ብቻዋን አልሆነችም፣ ካውያ አልያዘችም፣ ደግፈናታል። ልክ አደረግን አልኩ።

ከለቅሶው በኋላ በወሩ መጀመሪያ አዲሱ ቤት ገባች። ካርቷም ታደሰ። አሮጊቲቱ በጣም እንደወደዷት ሰማሁ። አንድ ሐሙስ፣ እኔ ሥራ በሌለኝ ከሰዓት፣ ኦኔ ቤቴ መጣች። ሻይ ቀዳሁላት። ጥቁሯን እንደለበሰች ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ዳር ተቀመጠች።

«ወንድሜ ሊያጽናናኝ ብሎ አንድ ነገር ነገረኝ» አለች። «አልጋዋ አጠገብ ሆኖ፣ እማዬ ‹ያቺስ?› አለችው። ‹ትምህርት ላይ ናት› አላት። ደስ አላት አለኝ።»

ስኳሩን ወደ እሷ ገፋሁት።

«እሱ ከተቀበረች በኋላ የደረሰ ነበር የመሰለኝ። ለካ ስታወራ ደርሶባታል። አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ።»

ስልኳን አወጣችና ወደ እናቷ የደወለቻቸውን ከፈተች። ያልተነሡት ጥሪዎች ከእነ ቀናቸው ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ በመካከላችን አስቀመጠችው። መልሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ አትደርሺም ነበር፣ ወጉ ነው፣ ካርትሽስ፣ ልል ነበር። እሷ ግን አውሮፕላን ስለመድረስ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም። ጣቷን ረቡዕ ከሚለው የመጀመሪያው ላይ አሳረፈች።

«ይሄኛውን ስደውል ነበረች?»

«ነበረች።»

«ስልኩስ?»

«አልጋው ላይ ነበር። ድምፁን ያጠፋው እሱ ነው፤ ኋላ ነገረኝ።»

«ይሄኛውንስ?»

«ነበረች።»

«ይሄንንስ?»

«ነበረች» አልኩ። በመርዶ ወግ የሚሸሸገው የሞተ ሰው መሆኑን፣ እኛ ግን በሕይወት ያለች እናት እንደሸሸግን ያን ጊዜ ገባኝ። ባሕሩን የያዘ ስልክ በአንድ ወገን፣ አልጋው ላይ ድምፁ የጠፋ ስልክ በሌላ ወገን፤ መካከል ላይ የቆምነው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

ጣቷ ወደ አራተኛው ወረደ፤ ሐሙስ ይላል።

«ይሄኛውንስ?»

«አልነበረችም።»

 ከዚያ ስልኳን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሻዩን ሳትነካ ተነሣች።

«የሐሙሱን ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ።