ልጣጩ ለላሟ

የእማዬ ጭማቂ ቤት ከባጃጆቹ መቆሚያ ፊት ለፊት ነው። የአዳማ ሙቀት ደንበኛ አያሳጣም! ግን ማንጎና ፓፓያ በተላጠ ቁጥር ልጣጩ ይከመራል፣ ከስትሮና ከፌስታል ጋር ተደባልቆ ይሸታል። ቆሻሻ የሚያነሱት የማኅበር ልጆች ደግሞ «እርጥቡና ደረቁ ካልተለየ እንዳታነሱ ተብለናል» እያሉ ጋሪያቸውን ገፍተው ማለፍ ጀመሩ። ቆሻሻው በራችን ላይ አደረ፣ ንፋሱ ፌስታሉን በሰፈሩ ሁሉ በተነው፣ እማዬም በደንብ አስከባሪው ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ሦስተኛው ማሸግ ነው። ቤቱ ከታሸገ ሌላ መተዳደሪያ የለንም።

«ለኔ ተዪው!» አልኳት። ሁለት ባልዲ አምጥቼ በማርከር በትልልቁ «እርጥብ»፣ «ደረቅ» ብዬ ጻፍኩባቸው። ማን ያንብብልኝ! አንዱን የባጃጅ ሹፌር ስትሮውን ልጣጩ ላይ ሲወረውር ያዝኩት።

«ወንድሜ፣ ጽሑፉ አይታይህም?»

«ይኸው እያንጠባጠበ! ከዚህ በላይ ምን ይርጠብ?» አለኝ። ጓደኞቹ ሙድ ያዙብኝ። «ቲቸር፣ ቅጪልን!» እያሉ ሳቁ። ተናደድኩ፣ ግን እኔም ሳቄ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት አዴ ወተት ይዘውልን መጡ። አዴ ከጀርባችን ላም የሚያረቡ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። ባልዲውን አዩና ቆም አሉ።

«ይሄን ሁሉ ልትጥሉት ነው? መኖ እሳት ሆኖብኝ!»

«ይውሰዱት እንጂ አዴ!» ዘልዬ ላቅፋቸው ነበር።

«እወስዳለሁ ልጄ። ግን አንዲት ስትሮ ካገኘሁበት አልመለስም። ፕላስቲክ የዋጠች ላም አለቀላት።»

ወዲያው ጽሑፌን ፍቄ እርጥቡ ባልዲ ላይ ላም ሳልኩ። እውነቱን ለመናገር ውሻ ነው የምትመስለው። ከሥሯ «የምበላው እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ታምኑኛላችሁ? መመሪያ አልሰማም ያሉት ሹፌሮች ላሟን ሰሙ! ያ የተሟገተኝ ልጅማ ዘበኛዋ ሆነ፤ «አንተ፣ ነፍስ ልታጠፋ ነው?» እያለ ይጮህባቸዋል። አዴ በየማታው ልጣጩን ይወስዳሉ፣ ደረቁን የማኅበሩ ልጆች ያነሳሉ፣ በራችን ጸዳ!

ከዚያ ደንብ አስከባሪው መጣ። እማዬ ስፕሪስ ሰጠችው። እየጠጣ ጥጋጥጉን ቃኘ። ጨረሰና ስትሮውን ጣለ… የላሟ ባልዲ ውስጥ!

«ኧረ አለቃ!» ሹፌሩ ከባጃጁ ዘሎ ወረደ። «አውጣ! አውጣው! ላሟን ልትጨርሳት ነው!»

እማዬ አመድ መሰለች። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ሥዕሉን አየ፣ ጽሑፉን አነበበ።

«እኛ እርጥብና ደረቅ ነው ያልነው። ላም መቼ አልን?»

«ላም ካልተባለ አይሰሙማ!» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ልጣጩ ውስጥ ከተተ፣ ፈልጎ ፈልጎ ስትሮውን አወጣና ደረቁ ጋ ጣለው። ሹፌሮቹ አጨበጨቡ! እጁን እያስታጠብኩት ወደ እማዬ ዞረ።

«ማስጠንቀቂያው ይነሳልሻል፤ ሥራሽን ሥሪ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ፦ «አንቺ፣ ማዶ ያለው ምግብ ቤትም አስቸግሮናል። ትሥይላቸዋለሽ?»

እማዬ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። እኔ ግን ማርከሬን ይዤ አስፋልቱን አጋምሻለሁ።