ክርስትና ስም የሌለው ሟች

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። እሳት ከሚተፋ ዘንዶ ጋር ስለሚዋጋ ልጅ የሚተርከው፣ የምሞትለት ተከታታይ ልብ ወለድ አምስተኛ ቅጽ በስንት ልመና እጄ ገብቶ፣ ጥጌን ይዤ አነባለሁ።

አጠገቤ የተቀመጠው ባለ ኮት ሽፋኑን አየና፣ "ትልቅ ሰው ስለ ዘንዶ ያነባል እንዴ፣ እህቴ?" ብሎ ሳቀ። እሱ ከተነሳን ጀምሮ ስልኩ ላይ ድመት ስትጨፍር ያያል፤ ያውም ድምፁን ለቆት! ይሄ በሕይወቱ ካነበበ የሞባይል ካርድ ቁጥር ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩበት።

ማንኩሳን ስናልፍ ጀግናው ሞተ። ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ አብሬው የኖርኩት ልጅ! ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

"ማን ሞተብሽ፣ ልጄ?" አሉኝ ከኋላዬ የተቀመጡ እማማ።

የመጽሐፍ ሰው ነው ማለት አፈርኩ። "አንድ ወዳጄ" አልኩ።

"ምን አግኝቶት?"

ዘንዶ አቃጠለው ይባላል? "እሳት" አልኳቸው።

መኪናው በሙሉ "ወይኔ!" አለ። ሾፌሩ ዘፈኑን አጠፋ። "እግዜር ያጥናሽ" ያላለኝ ሰው የለም። እማማ ደግሞ ይባስ ብለው፣ "ነገ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ቄሱ እንዲጸልዩለት ክርስትና ስሙን ንገሪኝ" አሉኝ።

ላብ አጠመቀኝ። ያ ባለ ኮት ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ጸሎቱ ይቅርበት፣ እህቴ" አለኝ፤ "ስድስተኛው ቅጽ ላይ ይነሳል።"