በቀኝ ኪስ የቀረች ቁልፍ

ጋሽ ሙስጠፋ ወፍ የሚቆጥሩት በልብስ ቁልፍ ነው። ጌጃ ሰፈር ልብስ ሰፊ ከነበሩበት ጊዜ የተረፈ ልማድ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ የሰፈሩ ወንዝ ወፎች ሲቆጠሩ ቀኝ ኪሳቸውን ቁልፍ ሞልተው ይመጣሉ፤ አንድ ወፍ ባዩ ቁጥር አንዱን ወደ ግራ ኪሳቸው ያሻግራሉ። ለድንቢጥ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ለእርግብ የኮት፣ ለጯሂት ደግሞ ትልቁ የካፖርት ቁልፍ። ድሮ የካፖርት ቁልፍ በእፍኝ ይይዙ ነበር። አሁን የሚይዙት አንዷን ብቻ ነው።

ጯሂት የሰፈሩ ሰው ያወጣላት ስም ነው። ጉሮሮዋ ላይ ሥጋ የተንጠለጠለባት፣ ምንቃሯ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ትልቅ ወፍ ናት። ጠዋት ከወንዙ ዳር ባሕር ዛፍ ላይ ስትነሣ ጩኸቷ የስፌት መኪናውን ድምፅ ይውጠው ነበር።

"ዛሬም ሰደበችን!" ይሉ ነበር ጋሽ ሙስጠፋ፣ መቀሳቸውን እያስቀመጡ።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። እሳቸው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ ባሕር ዛፉ ተቆረጠ፤ የወንዙ ዳር ድንጋይ ተነጠፈበት። ጯሂትም ከታየች ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ ከታክሲ እንደወረዱ እዚያው አቅራቢያ ለቀሩት ለድሮ ጎረቤታቸው ለእትዬ ወለተሰንበት፣ "ዛሬም ካልመጣች በቃኝ፤ ከእንግዲህ ለቆጠራ አልመጣም" አሏቸው።

"አንተ ደግሞ! እኔን ልትጠይቅ የምትመጣ መስሎኝ ነጠላዬን አጥቤ ጠበቅሁህ።"

"አንቺማ አትጠፊም ወለቴ፤ ድምፅሽ ጀሞ ድረስ ይሰማል።"

ድልድዩ አጠገብ ከሌሎቹ ቆጣሪዎች ጋር ቆሙ። ድንቢጦች መጡ፤ እርግቦችም መጡ። ትንንሾቹ ቁልፎች ተሻገሩ። ፀሐይ ከፍ ስትል ከጀርባቸው ያ ጩኸት ተሰማ። ጋሽ ሙስጠፋ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የካፖርቷን ቁልፍ ወደ ግራ ኪሳቸው ከተቱ።

"ሰማሽ ወለቴ? ሰደበችን!"

እትዬ ወለተሰንበት ግን ዞረው አዩ። ከኋላቸው ትሕትና የምትባል ወጣት ቆጣሪ ስልኳን ወደ ላይ አንሥታ ቆማለች።

"ይቅርታ ጋሼ፤ የተቀዳ ጩኸቷን ሰምታ ከመጣች ብዬ ነው የከፈትኩት።"

"ተወው፣ ይቆጠር" አሉ እትዬ ወለተሰንበት ቀስ ብለው። "ስንት ዓመት ስትሰደብ ኖረህ አንዲት ስድብ ብትጨመርልህ ማን ይጠይቅሃል?"

"የስልክ ወፍ አይቆጠርም።"

ቁልፏን አውጥተው በአውራ ጣታቸው አሻሿት። ከዚያ ወደ ቀኝ ኪሳቸው መለሷት።

"እንግዲህ በቃህ ማለት ነው?" አሉ እትዬ ወለተሰንበት።

"ቀኝ ኪስ ያለው እኮ ገና ያልተቆጠረ ነው። ከርሞም ነጠላሽን እጠቢ።"