ሌላ ሰው ነው የሚጽፍለት

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው አውቶቡስ ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለት ጎረምሶች ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ጀመሩ፤ ከዓለም ራፐሮች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው በሚል ክርክር ደብረ ወርቅ እስክንደርስ ድረስ አንዴም ትንፋሽ አልወሰዱም። ስልካቸውን በየተራ እየከፈቱ «ይኸን ስማ!» «ይኸንንማ ማንም ይለዋል!» ሲባባሉ፣ እኔ የፈታኝነት ደብዳቤዬን በቦርሳዬ ይዤ፣ በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባውን አቧራ በነጠላዬ ጫፍ እየተከላከልኩ፣ የማልሰማ መስዬ እሰማ ነበር። መስማት ልማዴ ነው። ከጀርባ ወንበር የሚንሾካሾክ ተማሪ አያመልጠኝምና ልጆቹ «ራዳር» ይሉኛል፤ እሱንም ሲሉኝ የማልሰማ ይመስላቸዋል።

ደብረ ወርቅን እንዳለፍን አንደኛው መከራከሪያ አለቀበት መሰለኝ «ተወው እባክህ፣ እሱ እኮ ራሱ አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው የሚጽፍለት!» አለ። ጓደኛው ስልኩን ዘጋ። እኔ ደግሞ የመንገዱ አቧራ ድንገት ተለውጦ ፓውደር ፓውደር ሸተተኝ፤ ቢቸና ገበያው አፋፍ ላይ የነበረው የጋሽ አያሌው ፀጉር ቤት፣ ተላጭተው የሚነሡ ሰዎች ማጅራት ላይ የሚነሰነሰው ነጭ ፓውደር። ያቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። የእኔ ናት።

እኔ ከልጅነቴ ሰው አላምንም። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ውኃ ትቀላቅላለች ብዬ ገና በር ላይ በጣቴ የምቀምስ፣ ልደቴን እናቴ በትክክል መናገሯን ለማረጋገጥ ክርስትና እናቴን ለብቻዋ የምጠይቅ ልጅ ነበርኩ። እናቴ «ይቺስ ጥላዋንም አታምን!» እያለች ትስቅ ነበር፤ እኔም ለምን እንደምትስቅ እጠረጥራለሁ።

ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል ሳለን ራፕ የሚባለው ነገር በካሴት ሆኖ ቢቸና ደረሰ። ጋሽ አያሌው ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ከመጽሔት የተቀደዱ ሁለት አሜሪካውያን ፎቶ ነበር፤ ስማቸውን በወጉ የሚጠራ ስላልተገኘ አንዱን ባለ መነጽሩ፣ አንዱን ባለ ሰንሰለቱ አልናቸው። ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ተሰብስበን፣ የቴፑን ባትሪ ለመቆጠብ ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠንን፣ ማን ይበልጣል በሚል እንጣላለን። የሚሉትን አንዲት ቃል የሚሰማ ከመካከላችን አልነበረም። የእንግሊዝኛ መምህራችንን ለምነን አምጥተን ብናሰማው ትንሽ አዳምጦ «ስድብ ነው» ብሎን ወጣ፤ ከዚያ ወዲያማ ክብራቸው እጥፍ ሆነ። ሴት ልጅ ወንዶች ፀጉር ቤት ምን ትሠራለች የሚል ሐሜት ቢኖርም ወንድሜን ልጠራ መጣሁ እያልኩ የባለ መነጽሩ ወገን አለቃ ሆኜ ነበር።

የባለ ሰንሰለቱ ወገን አለቃ እንዳላማው ነበር። አባቱ የጤና ረዳት ናቸው፤ ከሞጣ ተዛውረው ነው የመጡት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲከራከር እንኳ ድምፁን የማያነሣ ልጅ ነው፤ እኔ ጠረጴዛ እየመታሁ ስጮህ ጠብቆ ጠብቆ «ጨረስሽ?» ይለኛል፣ ያን ጊዜ ሁሉም በእኔ ይስቃሉ። አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጥ ነበር። ወድጄው ነበር፤ አሁን ብናገረው ምን ይመጣል!

በእኛ አገር የቃል ብልጫ የሚዳኘው በቅኔ መምህር ነው፤ ሌላ ዳኛ ማሰብም አልመጣልንም። የኔታ ይባቤ ለበዓል ራሳቸውን ሊላጩ የመጡ ዕለት፣ ግማሽ ራሳቸው ተላጭቶ መሸሽ በማይችሉበት ሰዓት ከበብናቸውና ሁለቱንም ካሴት አሰማናቸው። ሳሙናው በጆሯቸው ላይ እየደረቀ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስኪያልቅ ሰሙ።

«ይኸ ሰው፣» አሉ ጣታቸውን ወደ ቴፑ ቀስረው፣ «ነገ ሌላ ድግስ ቢጠሩት ይኸንኑ ነው የሚለው?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ለከርሞስ?»

«ለከርሞም ያንኑ ነው» አለ እንዳላማው።

«ያኛውስ?»

«ያኛውም።»

«እንግዲያ ምናቸውን ላበላልጥ? ትናንት ያለውን ዛሬ የሚደግም ሸምዳጅ ነው፤ እኛ ዘንድ ቅኔ ለዕለቱ ይቆጠራል፣ ይባላል፣ ያልቃል። የደገመ እንደሆነ የሰው ነው ይባላል።» ጋሽ አያሌው ምላጩን ይዞ እስኪጨርሱ ጠበቀ። «ይልቅስ ከእናንተ የሚችል ካለ በሚመጣው ቅዳሜ የራሱን ይበል፤ እሱን እፈርዳለሁ።»

ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ጢም አለ። እኔ ሳምንት ሙሉ ስሰርዝ ስደልዝ የከረምኩትን አራት ስንኝ አልኩ፤ የኔታ በርኅራኄ አዩኝና «ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ። እንዳላማው ተነሣ። ቴፕ የለ፣ ጭብጨባ የለ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የጋሽ አያሌው መቀስ ቀጭ ቀጭ ሲል በእሷ ምት እየተራመደ እንዲህ ብሎ ጀመረ፦

«ክዳኑን ምሰሶ፣ ምሰሶውን ምድር ተሸክሞት ቆሟል፤
ምድርን ማን ያዛት ብዬ ብጠይቀው አባቴ ዝም ብሏል።»

ከዚያ ቀጠለ፤ ከምድር ወደ ዓባይ፣ ከዓባይ ወደ ደመና፣ ከደመና ተመልሶ የቤታቸው ክዳን ላይ እንደ ዝናብ ወረደ። ስንት ስንኝ እንደሆነ አልቆጠርኩም። ያ ሁሉ ጎረምሳ አፉን ከፍቶ ሲያይ የኔታ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ይበል! ይበል!» አሉና ትከሻውን ይዘው እያዋዩት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይዘውት ሄዱ።

ሁሉም አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ትናንት ጂኦግራፊ ከእኔ የሚኮርጅ ልጅ ይኸን ከየት አመጣው? ቅናት ነበር፤ እኔ ግን ያኔ ስሙን ጥርጣሬ አልኩት።

በሳምንቱ ደብተሩን ተውሼ ስገልጥ የታጠፈ ወረቀት ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ግጥሙ ነው፤ ከነሙሉው፣ በጥቁር ቀለምና በመቃ ብዕር፣ የመጀመሪያው መሥመር በቀይ፣ ወፍራም በሆነ የቤተ ክህነት ጽሕፈት። የእንዳላማው ጽሕፈት የጉንዳን መንገድ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ። ልቤ ደስ አላት! አንድ የቅኔ ተማሪ ጽፎለት እሱ ሸምድዷል ማለት ነው። መጠየቅ ይቻል ነበር፤ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። አልጠየቅኩትም። ወረቀቱን ወስጄ ደብተሩን መለስኩለት። ሁለት ቀን ሙሉ የዴስኩን ሥር ሲያይ፣ ቦርሳውን ሲገለብጥ፣ «ከደብተሬ የወደቀ ነገር አላየሽም?» ሲለኝ «ምን ዓይነት ነገር?» አልኩት። «ተይው» አለኝ።

የወላጆች በዓል ዕለት ርእሰ መምህሩ መድረክ ላይ ጠርተው «እስቲ ያንን የፀጉር ቤቱን» አሉት። አመነታ። በኋላ ግን ያንኑ፣ ቃል ሳይለውጥ፣ አለው፤ ሕዝቡ ድንኳኑን በጭብጨባ አናጋው። እኔ ከመካከል ተነሣሁ።

«ደገመው! የኔታ ምን ነበር ያሉት? የደገመ የሰው ነው! ሌላ ሰው ነው የሚጽፍለት፣ ይኸው!» ብዬ ወረቀቱን ከፍ አደረግኩ።

በሌላ አገር ቢሆን ተስቆ ይታለፍ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን የሰው ቅኔ የራሴ ነው ያለ ሰው የሰው በሬ ከነዳው አይሻልም፤ ጋቢ የለበሱት አባቶች ከንፈራቸውን ሲመጥጡ እስከ መድረኩ ይሰማ ነበር። ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን ተቀብለው አዩና «ጽሕፈቱ ያንተ ነው?» አሉት። «አይደለም» አለ። «የማን ነው?» ብለው ቢጠይቁት እኔን ብቻ አየኝ። የተናደደ ፊት አልነበረም፤ ምነው የተናደደ በሆነ! ወረቀቱን መልሰው ሲሰጡኝ ሰው ሁሉ እያየኝ ሁለት ቦታ፣ ከዚያም አራት ቦታ ቀደድኩት። አባቱ ከወላጆች መካከል ተነሥተው ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ከዚያች ቀን ወዲህ እንዳላማው ፀጉር ቤት አልመጣም። የክፍል ልጆች በእኔ ቃል ስም አወጡለት፤ ስሙ ሲጠራ ከኋላ ወንበር «የሚጽፍለትስ?» የሚል አይጠፋም። ዴስኩን ለብቻዬ ያዝኩት። የኔታ ያን ሰሞን ለሱባኤ እንደ ወረዱ እዚያው ዐረፉ፤ ነገሩን የሚያጣራ ሰው ታጣ። እኔ እንደሆን የሚጣራ ነገር ያለም አልመሰለኝም። ዓመቱ ሲያልቅ አባቱ ዝውውር ጠይቀው ቤተሰቡ ወደ ሞጣ ተመለሰ።

መምህርት ከሆንኩ በኋላ ይህችን ታሪክ እንደ መጀመሪያ ገድሌ አወራት ነበር፤ «ኮራጅ መያዝ የጀመርኩት በዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው» እያልኩ። አንድ ቀን ቤቴ ማኅበር ገብቶ ይህንኑ ሳወራ፣ የየኔታ ደቀ መዝሙር የነበሩት ቄስ ሞገስ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«የመጀመሪያው መሥመር በቀይ ነበር?»

«በቀይ ነበር፣ አባ። እንዴት ዐወቁ?»

«የኔታ ናቸው የጻፉት» አሉኝ። «ልማዳቸው ነው። ተማሪ የራሱን አይጽፍም፤ ሰምተው ልባቸው የተነካ እንደሆነ በራሳቸው እጅ ይጽፉና ለባለቤቱ ይሰጣሉ። እንዳይታበይ ግን ለማንም አታሳይ ይሉታል።» ከዚያ ዝቅ ብለው እጃቸውን አዩ። «እኔ ሰባት ዓመት እግራቸው ሥር ተቀምጫለሁ። አንድም አልጻፉልኝም።»

እንግዶቹን ሸኝቼ በሩን ዘጋሁ። ለሌብነት ማስረጃ ብዬ የቀደድኩት ወረቀት ነው እንግዲህ፣ በእኛ አገር ለቃል የሚሰጠው ትልቁ ክብር።

እንዳላማው ሞጣ ላይ ቀለምና ሚስማር እንደሚሸጥ ከሰማሁ ቆይቷል። በየዓመቱ እሄዳለሁ እያልኩ ሰበብ ሳበጅ ከረምኩ፤ ዘንድሮ የፈተናው ዕጣ ራሱ ሞጣ ጣለኝ። ከአውቶቡስ ስንወርድ ያን ጎረምሳ «የሚጽፍለትን ሰው አይተኸዋል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ኧረ እታለም፣ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለኝ እየሳቀ። እኔ ወረቀቱን በእጄ ይዤ ነው የተሳሳትኩት፤ እሱን ምን እለዋለሁ።

በማግስቱ ከፈተናው ስወጣ ሱቁን ጠይቄ ሄድኩ። ገና በሩ ላይ «የሻረግ!» አለኝ። ወፍሯል፣ ጢሙ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። በቀለም ጣሳ ላይ ጨርቅ አንጥፎ አስቀመጠኝ። የመጣሁበትን ሁሉ፣ ቄስ ሞገስ ያሉኝንም፣ ሳልሰስት ነገርኩትና ይቅርታ ጠየቅኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ጨረስሽ?» አለኝ። ከዚያ ፈገግ አለ። «ልጆች ነበርን እኮ፣ የሻረግ።»

«ለምን አልተናገርክም? የኔታ ናቸው የጻፉት ብትል ምን ነበረበት?»

«ለማንም አታሳይ ብለውኛል፤ እንኳን ልናገር መጥፋቱም አስፈርቶኝ ነበር። ደግሞ አንቺ ካላመንሽኝ…» ብሎ ተወው። ከዚያ ወዲህ ግጥም ብሎ እንደሁ ብጠይቀው ራሱን ነቀነቀ፤ አንድም።

ሁለቱን ስንኝ እዚያው የቀለም ሽታ መካከል አልኩለት፤ ክዳኑን፣ ምሰሶውን፣ ምድርን፣ ዝም ያሉትን አባቱን። የያዝኩት ያን ብቻ ነው፤ የፀጉር ቤቱን ልጆች ሁሉ ጠይቄ ሦስተኛውን የሚያውቅ አላገኘሁም።

«ቀጥሎስ?» አልኩት።

ሚስማር ሊገዛ የገባ ሰው ነበርና ወደ ሚዛኑ ዞሮ ማፈስ ጀመረ። «ረስቼዋለሁ» አለ፣ ቀና ሳይል።

ስንት ዓመት ፈታኝ ሆኛለሁ፤ መልሱን የማያውቅ ልጅ ቀና ብሎ ያያል፣ ዐውቆ የሚሸሽግ ግን ዓይኑን ይሰብራል። ይዋሻል ብዬ ጠረጠርኩ። በዕድሜዬ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም፤ ጥርጣሬዬ እውነት እንዲሆን የለመንኩት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው።