ጌሾ የማይበቅልበት ጓሮ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ጠዋት ደብረ ማርቆስ አዲስ በገዛሁት ቤት ጓሮ ጌሾ ልተክል ስቆፍር ዶማዬ ብረት መታ። በቆዳ የተጠቀለለ፣ ቅቤ የጠጣ ጠመንጃ!

ጣልያን መሣሪያ የደበቀ ይሰቀላል ብሎ አውጇል። ቶሎ አፈር መለስኩበትና ወደ ሌላው ጥግ ሄድኩ።

ጎረቤቴ እማማ ጥሩነሽ ባጥር ብቅ አሉ። «ልጄ፣ እዚያም ጌሾ አይበቅልም።»

«ዋንዛው ሥርስ፣ እማማ?»

«እዚያማ የመሪጌታ ነው።»

ከሰዓት ሊፈትሽ የመጣው ጣልያን ጓሮዬን አየና «ይህን ሁሉ መሬት ይዞ አንድ እግር ጌሾ! ሰነፍ!» ብሎ በአስተርጓሚ ሰደበኝ። እጅ ነሣሁ።

ስድቡስ ይሁን። ቤቱን የገዛሁት ግን የራሴን ጠመንጃ ልቀብርበት ነበር፤ ጓሮው ሞልቶ ጠበቀኝ።

እስኪ ከመካከላችሁ ጌሾ የማይበቅልበት ቦታ የተረፈው አለ?